የታችኛውን ውኃ ከታች እንለካው

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ በኦንታሪዮ ሐይቅ ላይ ስለሚደረገው የሳልመን አጠማመድ የወጣውን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። ወገኖቻችን ቅዳሜና እሑድ ከፖርት ክሬዲት፣ ከብሮንቲና ከብላፈርስ ፓርክ እየተነሡ ወደ ሐይቁ መውጣት ባዘወተሩበት በዚህ ጊዜ ርእሱ በአማርኛ መነሣቱ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ጀማሪዎች ጀልባቸውን በሰዓት ወደ 2.5 ማይል በሚጠጋ ፍጥነት እንዲነዱና ሙቀቱ 12 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሆነ ውኃ እንዲፈልጉ ሲመክር፣ ፍጥነቱም ሆነ ሙቀቱ በየትኛው ጥልቀት ላይ እንደሚለካ ሳይናገር አልፏል። ቁጥሮቹ በራሳቸው ስሕተት የለባቸውም። ነገር ግን ከጀልባው ላይ ወይም በውኃው ወለል ላይ ተለክተው ከታች ላለው ዓሣ ሲተረጎሙ ብዙ ሰው ቀኑን ሙሉ ነዳጅ አቃጥሎ ባዶ እጁን እንዲመለስ ስለሚያደርጉ፣ ይህን ማብራሪያ እንድታወጡልኝ እጠይቃለሁ።

ለማያውቁት አንባቢዎች፣ ትሮሊንግ የሚባለው አጠማመድ ጀልባው በዝግታ እየተጓዘ ሰው ሠራሽ ማባበያ ከኋላው የሚጎትትበት ነው። በበጋ ሳልመን ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 30 ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ስለሚወርድ፣ ቀላል የብረት ማንኪያ የመሰለው ማባበያ ብቻውን እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ዳውንሪገር ከሚባለው ማጠንጠኛ ላይ ከ4 እስከ 7 ኪሎ የሚመዝን ኳስ በብረት ገመድ ይወርዳል፣ የዘንጉም ክር ከኳሱ አጠገብ በመቆንጠጫ ይያዛል፤ ዓሣው ሲነክስ ክሩ ይላቀቅና ትግሉ በዘንጉ ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ማባበያው የሚዋኘው ኳሱ ባለበት ውኃ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ጂፒኤስ የሚነግረን ጀልባው ከመሬት አንጻር ምን ያህል እንደሚጓዝ ነው። የሐይቁ ውኃ ግን ቆሞ አይጠብቅም። ነፋስ የላዩን ውኃ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲገፋ የታችኛው ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ፣ አልፎ አልፎም ወደ ተቃራኒው ይሄዳል፤ ነፋሱ ካቆመም በኋላ የታችኛው ፍሰት ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ሊቀጥል ይችላል። በደቡባዊው ዳርቻ ደግሞ የናያጋራ ወንዝ ወደ ሐይቁ ከገባ በኋላ ውኃው በአብዛኛው ወደ ምሥራቅ ስለሚታጠፍ፣ እዚያ የሚያጠምድ ሰው የውኃውን ፍሰት ሁልጊዜ ማሰብ አለበት። ለምሳሌ በ25 ሜትር ጥልቀት ላይ በሰዓት 1 ማይል ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ውኃ አለ እንበል። ጂፒኤሱ 2.5 እያሳየ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ጀልባ ማባበያውን ውኃው ውስጥ በ3.5 ይጎትተዋል፤ ያው ጀልባ ዞሮ በዚያው 2.5 ወደ ምሥራቅ ሲመለስ የማባበያው ፍጥነት 1.5 ብቻ ይሆናል። በመጀመሪያው ጉዞ ብዙ ዓይነት ማንኪያ መወዛወዙን ትቶ ይሽከረከራል፣ በሁለተኛው ደግሞ ሊንቀሳቀስ እንኳ ይቸገራል፣ ሾፌሩ ግን በሁለቱም ጊዜ የሚያየው ቁጥር አንድ ነው። በየወደቡ ዓሣው ዛሬ የሚነክሰው ወደ አንድ አቅጣጫ ስንሄድ ብቻ ነው የሚል ወሬ አይጠፋም፤ ምክንያቱን ለፀሐይ የሚሰጡ አሉ፣ ለዕድል የሚሰጡም አሉ፣ እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የውኃ ፍሰት የራቀ ምክንያት መፈለግ ያለብን አይመስለኝም።

የሙቀቱም ነገር እንዲሁ ነው። ውኃ ከሁሉ ይበልጥ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሆነ፣ በበጋ የሞቀው ውኃ ቀልሎ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ቀዝቃዛው ከታች ይቀራል፤ በመካከላቸው በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ሙቀቱ በፍጥነት የሚወርድበት ተርሞክላይን የሚባለው ንብርብር ይፈጠራል። ከላይ 21 ዲግሪ የሆነ ውኃ በ18 ሜትር ላይ ገና 18 ሆኖ፣ በ22 ሜትር ላይ 11 ሊሆን ይችላል። ቺኑክ ሳልመን ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ባለው ውኃ አካባቢ ሲገኝ ሌክ ትራውት የሚባለው ዓሣ ከዚያም ቀዝቀዝ ያለውን ይመርጣል፤ ስለዚህ የላዩ ሙቀት 21 መሆኑን ማወቅ ኳሱን በ15 ሜትር እናቁመው ወይስ በ23 ለሚለው ጥያቄ ምንም መልስ አይሰጥም። የተርሞክላይኑም ቦታ አይረጋም። እኛ ባለንበት በሰሜናዊው ዳርቻ የምዕራብ ነፋስ በርትቶ ሲነፍስ፣ በምድር መዞር ምክንያት የላዩ ውኃ ወደ ነፋሱ ቀኝ፣ ማለትም ወደ ደቡብ ይገፋና በምትኩ ቀዝቃዛው ከታች ወደ ዳርቻው ይወጣል፤ በቶሮንቶ ዳርቻዎች በሐምሌ የሚዋኙ ሰዎች ውኃው በድንገት በረዶ ሆኖ የሚያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። የምሥራቅ ነፋስ ሲሆን ደግሞ ሞቃቱ ውኃ በእኛ በኩል ይከማቻል፣ ተርሞክላይኑም ወደ ታች ይገፋል። ባለፈው ሳምንት ዓሣ የተገኘበትን ጥልቀት ይዞ የወጣ ሰው፣ በመካከሉ ነፋስ ከተለወጠ፣ የያዘው ቁጥር የሌላ ውኃ ቁጥር ነው።

ለዚህ የተሠራው መሣሪያ በኳሱ አጠገብ በገመዱ ላይ የሚታሰር ፕሮብ ነው። ትንሽ መዘውሩ ውኃው ሲገፋው እየዞረ ፍጥነቱን ይለካል፣ የሙቀት ሴንሰሩ ዲግሪውን ያነብባል፣ በአንዳንዶቹም ላይ የግፊት መለኪያ ስላለ እውነተኛው ጥልቀት ይታወቃል። ይህ ሦስተኛው ብዙም አይወራለትም፣ ግን ቀላል ነገር አይደለም፤ ገመዱ በውኃው ግፊት ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል፣ የዳውንሪገሩ ገመድ ቆጣሪ 100 ጫማ ሲል ኳሱ ከዚያ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። መረጃው ወደ ጀልባው የሚደርስበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። ፊሽ ሆክ የሚባለው በድምፅ ሞገድ ልኮ ከጀልባው በታች በተተከለ መቀበያ ይሰማል፤ ስለዚህ መቀበያው የሞተሩ አረፋ ከሚያልፍበት መስመር ርቆ መተከል አለበት። ሙር ሰብትሮል የሚባለው ደግሞ በፕላስቲክ የተሸፈነውን የዳውንሪገር ገመድ ራሱን ለመልእክት ማስተላለፊያ ይጠቀማል፤ ሽፋኑ አንድ ቦታ ላይ ከተላጠ ንባቡ ይዛባል ወይም ይቋረጣል። የትኛው ይሻላል በሚለው ላይ ባለጀልባዎች እስከ ምሽት ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፤ በትክክል የተተከለ ከሆነ ሁለቱም ይሠራሉ።

ገዝተው ለሚተክሉ ሰዎች የምለው፣ የመዘውሩ ንባብ ሳይስተካከል እንዳይታመን ነው። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ፕሮቡን ከወለሉ በታች ጥቂት አውርዶ በአንድ መስመር ላይ ወዲያና ወዲህ በመጓዝ፣ የሁለቱን ጉዞ አማካይ ከጂፒኤሱ ጋር ማነጻጸር ይበቃል፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማነጻጸር ግን ያንኑ የሸሸነውን የፍሰት ስሕተት መሣሪያው ውስጥ መቅበር ነው። ሌላው እ.ኤ.አ. በ1998 በዚህ ሐይቅ ውስጥ የተገኘውና ከባሕር ማዶ የመጣው ጅራተ ረጅም የውኃ ቁንጫ ነው፤ በበጋ ክሩንና ገመዱን እንደ ጥጥ ይሸፍናል፣ መዘውሩም ላይ ሲጠመጠም ፍጥነቱ እየቀነሰ የመጣ ያስመስላል። ሰውየው ያንን አይቶ ነዳጅ ሲጨምር ማባበያው ከልክ በላይ ይፈጥናል። ንባቡ ያለ ምክንያት ከወረደ መጀመሪያ ፕሮቡን አውጥቶ መጥረግ ነው።

መሣሪያው ዓሣ አያሳይም፤ ይህንንም ሳልናገር ባልፍ ሻጭ እመስላለሁ። ሳልመን የሚመገባቸው ትንንሾቹ አልዋይፍ የሚባሉ ዓሦች የሌሉበት ውኃ 12 ዲግሪ ስለሆነ ብቻ ሳልመን አይመጣበትም። በፀደይ ውኃው ከላይ እስከ ታች ተቀራራቢ ሙቀት ስላለው የፕሮቡ የሙቀት ቁጥር ጥቅሙ ያንሳል፣ በነሐሴ መጨረሻም ለመራባት የደረሱት ሳልመኖች ወደ ክሬዲት ወንዝ አፍ ሲጠጉ የሙቀት ምርጫቸውን ይተዋሉ። ደግሞም ከኳሱ ርቀው በሌላ ጥልቀት የሚጎተቱ ክሮች በሌላ ፍሰት ውስጥ ስለሆኑ ፕሮቡ ስለ እነርሱ አይናገርም። ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ፍጥነቱን እመርጣለሁ፤ ሳልመን ምግብ ሲያይ ከሚወደው ሙቀት ወጥቶ ያሳድዳል፣ የማይንቀሳቀስ ማንኪያን ግን የሚያሳድድበት ምክንያት የለውም።

ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ሙሉው ዕቃ በአዲስነቱ ሲገዛ ከአንድ ሺህ የካናዳ ዶላር ብዙም አይርቅም። ነገር ግን በወደቡ የማያቸው የወገኖቻችን ጀልባዎች አብዛኛዎቹ ከዚህ የሚበልጥ ገንዘብ የወጣባቸው ሰፋፊ የሶናር ስክሪኖች ተተክለውባቸዋል፣ አንዳንዶቹም ሁለት ሁለት። ዓሣው 24 ሜትር ላይ እንዳለ አሳይቶ ማባበያው እዚያ ምን እየሆነ እንደሆነ የማይናገር ስክሪን ግማሽ ሥራ ነው፤ ሁለተኛውን ስክሪን የሚያስብ ሰው ገንዘቡን ለፕሮቡ ቢያደርገው ይሻለዋል ባይ ነኝ። አቅሙ ለሌለው ሰውም መንገድ አለ። ኖኣ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የውቅያኖስና የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት በታላላቆቹ ሐይቆች ላይ በየጥልቀቱ የሚገመተውን ሙቀትና ፍሰት በነጻ ያወጣል፣ በክር የታሰረ ቴርሞሜትርም ዛሬ ይሠራል፣ የቆዩት ካፒቴኖች ደግሞ የዳውንሪገሩ ገመድ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበትን መጠን እያዩ ፍሰቱን ይገምታሉ። ገመዱ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄዱ ተዘርግቶ፣ ሲመለሱ ቀጥ ብሎ ከተንጠለጠለ፣ የሞተሩን ፍጥነት ማስተካከል ያስፈልጋል።

በነገራችን ላይ ይህን ዕቃ ወደ አገር ቤት ወስደን ለጣና አጥማጆች ብንሰጥ የሚል ሐሳብ ከአንድ ሁለት ወዳጆች ሰምቻለሁ። አሳቡ መልካም ነው፤ ጣና ግን ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው፣ ነፋስም ስለሚያማስለው እንደዚህኛው ሐይቅ የጠነከረ የሙቀት ንብርብር ለወራት አይቆይበትም፣ አጥማጁም የሚጠቀመው በመረብ ነው። ጥልቀት ያለው ሻላ ውኃው ጨዋማና ሶዳማ ስለሆነ የሚጠመድበት አይደለም። ይህ መሣሪያ የጥልቅና የቀዝቃዛ ሐይቅ መሣሪያ ነው።

ስለዚህ ክቡር አዘጋጅ፣ ዝግጅት ክፍላችሁ ወደፊት አጥማጆች ያገኙትን ዓሣ ሲዘግብ ቦታውንና ክብደቱን ብቻ ሳይሆን ኳሱ የነበረበትን ጥልቀት፣ እዚያ የተለካውን ፍጥነትና ሙቀት፣ ጀልባው ይጓዝ የነበረበትን አቅጣጫና የዕለቱን ነፋስ ጠይቆ ቢያወጣ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚወጣ ሰው ሊጠቀምበት የሚችል ዘገባ ይሆናል። ፕሮብ የሌለው አጥማጅ ከሆነም ቁጥሩ ከጂፒኤስና ከወለል የተወሰደ መሆኑ አብሮ ይገለጽ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከሚሲሳጋ