የድሮ የቴሌቪዥን ሙዚቃዎች እንደነበሩ ይታዩልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በዓል በመጣ ቁጥር ጣቢያዎች የጥላሁን ገሠሠን፣ የብዙነሽ በቀለን፣ የሙሉቀን መለሰን የድሮ ቅጂዎች ከመዝገብ ቤት አውጥተው ያሳያሉ። እሰየው የሚያሰኝ ነው። አቀራረቡ ግን ቅጂውን እያበላሸው ነው፤ እርማቱ ደግሞ አብዛኛው ገንዘብ አይጠይቅም።

የዚያ ዘመን ምስል ወርዱ 4፣ ቁመቱ 3 ነው። የዛሬው ስክሪን 16 በ9 ነው። ስክሪኑን ለመሙላት ወደ ጎን ሲለጥጡት የድምፃዊው ፊት በአንድ ሦስተኛ ይሰፋል፣ ክቡ ከበሮ እንቁላል ይመስላል። ከላይና ከታች የሚቆርጡትም አሉ፤ ያ ደግሞ የምስሉን ሩብ ይወስዳል። የክራር ደርዳሪው ጣትና የኪቦርድ ተጫዋቹ እጅ ያሉት በዚያ ሩብ ውስጥ ነው። ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቅር፤ ማንንም አይጎዳም።

ለጎንደር ሰው ከዚህ የሚብሰው የእስክስታው ነገር ነው። የድሮው ቪዲዮ በሰከንድ 25 ምስል አለው ይባላል፤ እያንዳንዱ ምስል ግን ሁለት ግማሽ ነው። 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ እያሉ የሚሄዱት መስመሮች በአንድ ቅጽበት፣ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ እያሉ የሚሄዱት ደግሞ በሌላ ቅጽበት ይነሣሉ፤ በመካከላቸው የሰከንድ 1/50ኛ ልዩነት አለ። ሁለቱን እንዲሁ ሲያጣብቋቸው በትከሻው ጠርዝ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ ሰረዝ ይወጣል። ግማሹን ጥለው 25 ብቻ ሲያስቀሩ ማበጠሪያው ይጠፋል፣ የትከሻው ንዝረትም አብሮ ይጠፋል፤ ጨፋሪው የሚንገጫገጭ ይመስላል። መፍትሔው ቅጂው ወደ ኮምፒውተር ፋይል ሲለወጥ በሰከንድ 50 ሙሉ ምስል እንዲወጣ ማዘዝ ነው። በነጻ የሚገኙ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ይህን ይሠራሉ።

ድምፁንም አትንኩት። መድረክ ላይ በቀጥታ የተዘፈነውን አውጥቶ በካሴቱ የታተመውን ጥርት ያለ ድምፅ መለጠፍ ማስረጃ ማጥፋት ነው። የአስተዋዋቂው መግቢያም አይቆረጥ፤ የባንዱ፣ የዜማ ደራሲው፣ የዝግጅቱ ስም ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ብቻ ነው።

ሌላው ጉዳይ በየቤታችን ያለው ነው። ያኔ የቪዲዮ ካሴት ውድ ስለነበር በብዙ አገር ያሉ ጣቢያዎች በተቀዳው ላይ ደግመው ይቀዱበት ነበር፤ የጠፋው ዝግጅት ኋላ ከተመልካች ቤት የተገኘበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በአራዳም ሆነ በአዘዞ፣ አልጋ ሥር ያለ ሣጥን ውስጥ ከቴሌቪዥን የተቀዳ ካሴት ካለ ዋጋ አለው። ብቻ ወዲያው ዴክ (የካሴት ማጫወቻ) ውስጥ አትክተቱት።

መጀመሪያ በካሴቱ መስኮት በኩል ክሩን፣ ማለትም ምስሉ የተቀዳበትን ጥቁር ጥቅል፣ እዩ። አመድ የተነሰነሰበት ከመሰለ ሻጋታ ነው። የሻገተ ካሴት ዴኩን ይበክላል፣ ዴኩ ደግሞ ቀጥሎ የሚገባውን። ክረምቱ ወጥቶ አየሩ ሲደርቅ፣ ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ ነው የሚጸዳው። ቀፎው ከጀርባው 5 ብሎን አለው፤ በትንሽ ካቻቢቴ ይፈታል። ንጹሕ የሆነውን ካሴት ከማጫወት በፊት አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አጠንጥኖ መመለስ የተጣበቀውን ክር ያላቅቃል። ጽሑፍ በሚለጠፍበት የካሴቱ ጠርዝ በኩል ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ስበሩ፤ ከዚያ በኋላ በስሕተት ሊቀዳበት አይችልም።

የዴኩ ሄድ፣ ማለትም ምስሉን ከክሩ ላይ የሚያነበው ክፍል፣ ሲጸዳ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ጥጥ አይሆንም፣ የጥጡ ቃጫ ሄዱ ላይ ተጠልፎ ይነቅለዋል። ዴኩ ከሶኬት ተነቅሎ፣ ብናኝ የማይተው ጨርቅ በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ረጥቦ፣ ሄዱ የተገጠመበት ከበሮ መሰል ክብ ብረት ላይ ሳይንቀሳቀስ ይያዛል፤ የሚዞረው ከበሮው ነው፣ በእጅ፣ በዝግታ። ወደ ላይና ወደ ታች መፈተግ ሄዱን ይሰብራል። ቁስል የምናጸዳበት 70 በመቶው አልኮል ቀሪው ውኃ ስለሆነ ለዚህ አይመከርም።

በቅጂ መካከል መብራት ከጠፋ ክሩ ከበሮው ላይ እንደተጠመጠመ ይቀራል፤ ያኔ በግድ ጎትቶ ማውጣት ክሩን ያጨማድደዋል። ዴኩንና ኮምፒውተሩን የሚይዝ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) የግድ ነው። ቅጂው ወርዱ 720፣ ቁመቱ 576 የምስል ነጥብ ይሁን። ዲቪ በሚባለው የዲጂታል ቪዲዮ ዓይነት ከተቀዳ ለ1 ሰዓት 13 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፣ የ3 ሰዓት ካሴት 40 ገደማ። ከምስሉ ግርጌ የሚርገበገቡት ጥቂት መስመሮች ዴኩ ከአንዱ ሄድ ወደ ሌላው ሲቀይር የሚፈጠሩ ናቸው፣ ብልሽት አይደሉም። ዋናው ፋይል ሳይነካ በሁለት ሃርድ ዲስክ፣ በሁለት የተለያየ ቤት ይቀመጥ። ማዳን ሌላ፣ ለሕዝብ መልቀቅ ሌላ ነው፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኞችንም መብት ይጠብቃል።

ይህን ሁሉ እያንዳንዱ ቤት ይሥራው ማለት አይቻልም። የከተማው ባህልና ቱሪዝም ወይም ዩኒቨርሲቲው አንድ ክፍል፣ ሁለት ደኅና ዴክና አንድ የሠለጠነ ሰው ቢመድብ ሕዝቡ ካሴቱን አምጥቶ፣ አስቀድቶ፣ መልሶ ይወስዳል። ጊዜው ግን አጭር ነው፤ የመጨረሻው የቪዲዮ ዴክ አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ ሥራውን ያቆመው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። እስከዚያው ድረስ፣ ተበላሽቷል ብላችሁ ያስቀመጣችሁትን ዴክ እባካችሁ ለቆራሌው አትስጡ፤ ጎማውና ሞተሩ ሌላውን ያስነሣል።

ከጎንደር