ለገና ጨዋታችን የትኛው ሰርቨር?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ደሴም ኮምቦልቻም ሐይቅም ላላችሁ፤

ለምንሠራው የስልክ ጨዋታ ሰርቨሩን (የተጫዋቾቹን ስልኮች የሚያገናኘውን ማዕከል) በጎ ቋንቋ ወይስ በኖድ ጄኤስ (በጃቫስክሪፕት) እንጻፈው የሚለው ክርክር ደርቷል። እኔ ግን የሚቀድም ጥያቄ አለ ባይ ነኝ፦ መረጃው በምን መንገድ ይሂድ፣ ሰርቨሩስ የት ይቀመጥ? የምንሠራው ገበጣ ቢሆን ተራ በተራ ስለሚጫወቱት የትኛውም በበቃን ነበር። የኛ ግን ገና ነው፤ ሩሯን (ኳሷን) ብዙ ሰው በአንዴ ይሻማታል። የት እንዳለች የሚወስነውም ሰርቨሩ ብቻ ይሁን፤ ለስልኩ ከተውነው አጭበርባሪ ቀዳዳ አያጣም።

ቲሲፒ የሚባለው የኢንተርኔት መረጃ መላኪያ ደንብ አንድ ፓኬት (ቁራጭ መረጃ) ሲጠፋበት እሱ እስኪደርስ የኋለኞቹን ሁሉ ያስቆማል። ዘግይቶ የመጣ የሩር ቦታ ደግሞ ምን ይረባል? ስለዚህ ለእንቅስቃሴው የጠፋውን ሳይጠብቅ የሚቀጥለው ዩዲፒ፣ ለመግቢያና ለነጥብ ቲሲፒ። በብራውዘር ይሠራ የምትሉ፣ ብራውዘር ተራ ዩዲፒ አይፈቅድም፤ ዌብሶኬትም (ብራውዘርና ሰርቨር ሳይቋረጡ የሚነጋገሩበት መንገድ) የሚሄደው በቲሲፒ ላይ ነው። በብራውዘር እንደ ዩዲፒ ሊሠራ የሚችል የዌብአርቲሲ ዳታ ቻናል አለ፣ ግን አድካሚ ነውና ለጊዜው ይቆየን።

ርቀቱን ደግሞ አትርሱ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። ሰርቨሩን ጀርመን ፍራንክፈርት ብናደርገው ከደሴ በቀጥታ መስመር እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊ ሰከንድ አይወርድም፤ በተግባር ደግሞ ከዚያ ብዙ ይበልጣል። የጨዋታውን ሁኔታ በሰከንድ 20 ጊዜ የሚያድስ ሰርቨር አንዱ ዙር ራሱ 50 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ርቀቱ ብቻውን አንድ ሙሉ ዙር ይበላብናል ማለት ነው! አዲስ አበባ ማሽን ብናገኝ ከየትኛውም ቋንቋ በላይ ይጠቅመናል።

ቋንቋው ጎ ይሁን፤ ብዙዎቻችሁ ጀምራችሁታል። አዲስ አበባ ሰርቨር የሚያከራይ የምታውቁ ዋጋውን ጠይቃችሁ እስከ ቅዳሜ ላኩልኝ።