ጮክ ብለን የምናስብበት ክፍል እንዳይዘጋ የድጋፍ ጥሪ

ወዳጆቻችን፣

ባለፈው ዓመት አንድ የማኔጅመንት አማካሪ ድርጅት ዘንድ ለቃለ መጠይቅ ቀርቤ ነበር። ጠያቂው፣ «የአንድ ዳቦ ፋብሪካ ሽያጭ ሳይቀንስ ትርፉ በግማሽ ወርዷል፤ ምን ይመክራሉ?» አሉኝ። ሽያጩ ካልቀነሰ የሚፈተሸው ወጪው ነው። ዱቄት፣ ነዳጅ፣ ደመወዝ፣ ማጓጓዣ እያልኩ ወረቀቴ ላይ ከፋፈልኩ፣ አሰላሁ። ነገር ግን ለደቂቃዎች አንድም ቃል አልተነፈስኩም። እርሳቸው የሚመዝኑት ደግሞ ወደ መልሱ የምሄድበትን መንገድ ነበር። አላለፍኩም።

ከልጅነታችን ጀምሮ በታላላቆች ፊት ዝም ብሎ መሥራት እንደ ጨዋነት ሲቆጠርልን አድገናል። የኬዝ ቃለ መጠይቅ፣ ማለትም እንደ ዳቦ ፋብሪካው ያለ ችግር ተሰጥቶ መፍትሔ የሚጠየቅበት ቃለ መጠይቅ፣ ግን ሐሳብ ገና በግማሽ ሳለ በድምፅ እንዲወጣ ይፈልጋል። ይህ ከመጽሐፍ አይገኝም፤ ፊት ለፊት የሚቀመጥ ሰው ያስፈልገዋል።

ስለዚህ 12 ወጣቶች ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ጥንድ ጥንድ እየሆንን እንለማመዳለን። ባለፈው ሳምንት የቀረበው ጥያቄ «በአዲስ አበባ በቀን ስንት እንጀራ ይበላል?» የሚል ነበር። ተጠያቂዋ ነዋሪውን 5 ሚሊዮን ብላ መነሻ ያዘች፤ ሕፃናትንና እንጀራ የማይበሉትን ቀንሳ 4 ሚሊዮን አደረገች፤ ግማሹ በቀን ሁለት፣ ግማሹ አንድ ይበላል ብላ 6 ሚሊዮን ላይ ደረሰች። ጓደኛዋ «ምግብ ቤቶችንስ ረሳሽ?» አላት። ትንሽ አሰበችና፣ እዚያ የሚበሉት ነዋሪዎች አስቀድመው እንደተቆጠሩ፣ መጨመር ያለባቸው ከከተማው ውጭ የሚመጡት እንግዶች ብቻ እንደሆኑ አስረዳች። ከሦስት ወር በፊት ይህቺው ልጅ ድምፅዋ አይሰማም ነበር።

እስካሁን በነፃ የምንጠቀምበት ክፍል ከመስከረም ጀምሮ ሊከራይ ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መናገር አይቻልም፤ ካፌ ውስጥ አንሰማማም፤ አብዛኞቻችን ቤት ደግሞ ያለው አንድ ክፍል ነው፣ እሱም የቤተሰብ ነው።

የምንጠይቃችሁ የስድስት ወር የክፍል ኪራይ፣ አንድ ነጭ ሰሌዳና የኢንተርኔት ክፍያ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ያላችሁም አትናቁት፤ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ካልኩሌተር አያስፈልገንም፤ በቃለ መጠይቁም ያለ እሱ ነው የሚሰላው።

በአማካሪ ድርጅት የሠራችሁ፣ በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ የምትኖሩ፣ ከገንዘብ ይልቅ አንድ ሰዓት ብትሰጡን ይበልጥብናል። እኛ ዘንድ ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና ጠዋት ነው። እርስ በርሳችን ስንጠያየቅ እንራራለን፤ የእናንተን ጠንከር ያለ ጥያቄ እንፈልገዋለን። ማኪንዚን የመሰለ ዓለም አቀፍ አማካሪ ድርጅት አዲስ አበባ ቢሮ ባለበት በዚህ ጊዜ፣ አባሎቻችን በሩ ድረስ ሄደው በዝምታ እንዲመለሱ አንፈልግም።

የተሰበሰበውና የወጣው ገንዘብ በየወሩ ከነደረሰኙ ለሰጪዎች ሁሉ ይላካል፤ ሒሳቡን የሚይዙትም ከመካከላችን የተመረጡ ሦስት አባላት ናቸው። የመጀመሪያው ኪራይ የሚከፈለው መስከረም 5 ስለሆነ፣ የምትችሉትን ከዚያ በፊት ለምታውቁት የቡድናችን አባል አሳውቁን።