የባዮሎጂ ክበብ ዘገባ፦ አምባዛው እና ውሃው

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ የደከመው በአንድ ዓሣ ላይ ነው፤ ከጎርጎራ በመጣ 20 ሴንቲ ሜትር አምባዛ። አምባዛ አዳኝ ነው፤ አፉ የቻለውን ሁሉ ይውጣል። ሥጋ በል ዓሣ ደግሞ ከቆሻሻው በሚወጣው መርዛማ አሞኒያ ውሃውን ቶሎ ይበክላል። ስለዚህ አብዛኛው ሥራችን የውሃውን ንጽሕና መጠበቅ ሆነ።

ገንዳው በጥቅምት ተሠራ፤ ርዝመቱ 150፣ ወርዱ 50፣ ከፍታው 50 ሴንቲ ሜትር፣ መስታወቱ 10 ሚሊ ሜትር። መስታወቱን የሚያጣብቀውን ሲሊኮን ስትገዙ ሻጋታ መከላከያ ያለበትን አትውሰዱ፤ ዓሣ ይመርዛል። የኮምጣጤ ሽታው እስኪጠፋ አንድ ሳምንት ጠበቅን። ከሥሩ ፎም ካልተነጠፈ በብረት ማቆሚያው ላይ ያለች ትንሽ ጉብታ መስታወቱን ትሰነጥቀዋለች። ገንዳው 375 ሊትር ይይዛል፤ እኛ ግን 300 ላይ እናቆማለን። አምባዛ ብቅ እያለ ከላይ አየር ስለሚስብ በውሃውና በክዳኑ መካከል ክፍት ቦታ ካጣ ሊታፈን ይችላል። ሌሊትም ይዘላል፤ የሽቦ ክዳኑ በድንጋይ የተጫነው ለዚህ ነው።

ኅዳርን ሙሉ ገንዳው ያለ ዓሣ ሠራ። በየቀኑ ቁንጥር ምግብ ጣል እያደረግን፣ አሞኒያን ወደ ናይትራይት (እሱም መርዝ ነው)፣ ናይትራይትን ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ እስኪበዙ ጠበቅን። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። የመለኪያ ወረቀቱ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሳያሳይ ዓሣ አይገባም።

ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃዋ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። አምባዛው ከላይ እየተነፈሰ ይችለዋል፤ ባክቴሪያዎቹ ግን መብራት ሲጠፋ በዝግ ማጣሪያ ውስጥ ታፍነው ያልቃሉ። ስለዚህ ክፍት ስፖንጅ መረጥን፤ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕም አዘጋጀን። ማሞቂያው 300 ዋት ነው፤ ዓሣው እንዳይሰብረው በተበሳሳ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ገብቷል። ውሃው 25 ዲግሪ ይሁን፤ ከ20 በታች ሲወርድ ዓሣው ምግብ ይተዋል፣ የተረፈውም ይበሰብሳል።

ምግቡ በሁለት ቀን አንዴ፣ ከክብደቱ 2 በመቶ ገደማ ነው። ዝናብ ባለበት ወቅት የመሬት ትል ሞልቷል፤ በበጋ ስብ የሌለው የበሬ ልብ ይተካዋል። በዐቢይ ጾም ልኳንዳ ቤት ሲዘጋ የዓሣ ሻጮች ገበያ ይደራልና የቆሮሶ ቁራጭ ሰጠነው።

ለጥምቀት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ «እንዳይራብ» ተብሎ እጥፍ ምግብ ተተወለት። ስንመለስ ናይትራይቱ አሻቅቧል። በሁለት ተከታታይ ቀናት መቶ መቶ ሊትር ቀየርን፤ ክሎሪኑ እንዲወጣ 24 ሰዓት በርሜል ውስጥ ባደረ ውሃ። በየሊትሩም 1 ግራም ጨው ጨመርን፤ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይት በስንጥቡ እንዳይገባ ይከላከላል። አምባዛ ሳምንት ባይበላ ምንም አይሆንም፤ ልጆቹ ከልብ ሊያውቁት የሚገባው ይህ ነው።

ስትይዙት በመረብ አትያዙት። የደረት ክንፉ እሾህ ይጠላለፋል፣ እጅም ይወጋል፤ እርጥብ ጨርቅ ይሻላል።

በሰኔ 34 ሴንቲ ሜትር ደርሷል። አምባዛ ከአንድ ሜትር በላይ ስለሚያድግ ይህ ገንዳ ብዙ አያቆየውም፤ በሽታ ሊያደርስ ስለሚችል ወደ ጣና አንመልሰውም። ለመጪው ዓመት 3 በ2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ የሲሚንቶ ኩሬ ታስቧል። አዲስ ሲሚንቶ ውሃውን ኖራማ ስለሚያደርገው ደጋግሞ ተሞልቶ መደፋት አለበት፤ የመጀመሪያው ሙሌት በክረምቱ ዝናብ ይሆናል።