ከካርቶኑ ቼክ በስተጀርባ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የኮንግረስ አባል ትልቅ የካርቶን ቼክ ይዘው ከማኅበር መሪዎች ጋር የተነሱት ፎቶ በወጣ ቁጥር «ለማኅበረሰቡ ሚሊዮን ዶላር አስገኙ» የሚል ዜና ይከተላል። ዓመት ሳይሞላ ደግሞ «ገንዘቡን ማን በላው?» የሚል ሐሜት ይነሳል። ብዙ ጊዜ የበላው የለም፤ ገንዘቡ ገና ከግምጃ ቤት አልወጣም። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና በዲሲ የራሳችን ማዕከል ይኑረን የሚሉ ማኅበራት ይህን መንገድ ከመጀመራቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባ ነገር ስላለ ይህን ጽፈናል። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

የኮንግረስ አባል በፌዴራሉ በጀት ውስጥ ለአንድ የአካባቢው ፕሮጀክት ገንዘብ እንዲመደብ የሚጠይቅበት፣ ኢርማርክ በሚል ስም የሚታወቀው አሠራር ከ2011 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ታግዶ ቆይቷል። ለዚህ ካበቁት ቅሌቶች አንዱ የካሊፎርኒያው ተወካይ ራንዲ ከኒንግሃም ከመከላከያ ሥራ ተቋራጮች 2.4 ሚሊዮን ዶላር ጉቦ መቀበላቸውን በ2005 ማመናቸው ነው። አሠራሩ በ2021 የተመለሰው ልጓም ተበጅቶለት ነው። በተወካዮች ምክር ቤት አንድ አባል ለ2022 በጀት ማቅረብ የሚችለው 10 ፕሮጀክት ብቻ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ 15 ከፍ አለ። ለትርፍ የሚሠራ ድርጅት አይገባበትም። አባሉ እርሳቸውም ሆኑ ቤተሰባቸው ከፕሮጀክቱ የገንዘብ ጥቅም እንደሌላቸው ፈርመው ያረጋግጣሉ፤ የተጠየቀውን ገንዘብ መጠን፣ የተቀባዩን ስምና አድራሻም በድረ ገጻቸው ይለጥፋሉ። ወሬ ከመስማት ያንን ገጽ መክፈት ይሻላል።

የመጀመሪያው ጣጣ የጊዜ ነው። የበጀት ዓመቱ ኦክቶበር 1 ይጀምራል፤ የአባላቱ ቢሮዎች ማመልከቻ የሚቀበሉት ግን ከዚያ በፊት ባለው ፀደይ፣ በአብዛኛው በማርችና በኤፕሪል፣ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። እያንዳንዱ ቢሮ የራሱ ቅጽና የራሱ ቀነ ገደብ አለው። ማስታወቂያው ሲወጣ ስብሰባ የሚጠራ ቦርድ ዘግይቷል፤ ንድፉ፣ የወጪ ግምቱና የቦታው ውል ከማርች በፊት፣ በፈረንጆቹ ክረምት ማለቅ አለባቸው። ደግሞም የአባሉ ቢሮ ጥያቄውን ተቀበለ ማለት ገንዘብ ተገኘ ማለት አይደለም። ጥያቄው በበጀት ምደባ ኮሚቴ አልፎ፣ በሁለቱም ምክር ቤቶች ጸድቆ፣ በፕሬዚዳንቱ መፈረም አለበት። የ2022 በጀት የተፈረመው ዓመቱ በኦክቶበር 2021 ከተጀመረ ከአምስት ወር በኋላ፣ ማርች 15 ቀን 2022 ነው። የ2025ቱማ ጭራሽ ቀረ፦ ኮንግረስ በማርች 2025 ያለፈውን ዓመት በጀት አራዝሞ ሲያጸድቅ እነዚህ ፕሮጀክቶች በሙሉ ወደቁ። በዝርዝሩ ስማቸውን አይተው ከተቋራጭ ጋር ዋጋ መነጋገር ለጀመሩ ሰዎች ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆነባቸው።

ሁለተኛው፣ ለእኛ ማኅበራት ዋነኛው፣ አመልካቹ ማን ይሁን የሚለው ነው። ለማኅበረሰብ ማዕከል ግንባታ የሚሆነው ገንዘብ በአብዛኛው የሚመጣው በቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት በኩል ነው። የተወካዮች ምክር ቤት ለ2025 በጀት ባወጣው መመሪያ በዚህ መስመር ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶችን ከአመልካችነት አስወጥቷል። ሴኔቱ ግን አላስወጣም። ስለዚህ መመሪያውን በየዓመቱ እንደ አዲስ ማንበብ፣ ሲቻልም ያንኑ ፕሮጀክት ለተወካዩም ለሁለቱም ሴናተሮችም ማቅረብ ያስፈልጋል። የዲሲ ነዋሪ ይህ ዕድል የለውም፤ ድምፅ የማይሰጥ አንድ ተወካይ እንጂ ሴናተር የለውም።

ሌላው አማራጭ ካውንቲው ወይም ከተማው ራሱ እንዲያመለክት ማድረግ ነው። የሚሠራ መንገድ ነው፤ ዋጋ ግን አለው። ገንዘቡን የሚቀበለው፣ ጨረታውን የሚያወጣው፣ ብዙውን ጊዜም የሕንፃው ባለቤት የሚሆነው ካውንቲው ነው። ማኅበሩ በስንት ዓመት ውል፣ በምን ኪራይ፣ በየትኞቹ ሰዓታት እንደሚጠቀም አስቀድሞ በጽሑፍ ካልሰፈረ፣ በኋላ «የእኛ ማዕከል» ማለት አይቻልም። በአዳራሽ መዋጮ የተሰበሰበ ገንዘብ ካለበት ደግሞ ይህ ጉዳይ ለአባላት ጉባኤ መቅረብ አለበት፤ በሁለት ሦስት ሰው የሚወሰን አይደለም።

ማኅበሩ በራሱ ስም የሚያመለክት ከሆነ በፌዴራሉ መንግሥት መመዝገቢያ ድረ ገጽ በሳም ዶት ጎቭ (SAM.gov) ተመዝግቦ ባለ 12 ፊደልና አኃዝ መለያ ማግኘት ይኖርበታል፤ ምዝገባው በየዓመቱ ይታደሳል። የእኛ ማኅበራት እዚህ ላይ በስም አጻጻፍ ሊሰናከሉ ይችላሉ። የአማርኛው ስም በስቴት ምዝገባው ላይ በአንድ ዓይነት የላቲን ፊደል፣ በግብር መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ላይ በሌላ፣ በባንክ ሒሳቡ ላይ በሦስተኛ ተጽፎ ከሆነ ማጣራቱ ለሳምንታት ይጓተታል። አድራሻውም የቀድሞ ሊቀ መንበር ቤት ሆኖ ከቀረ እንደዚያው ነው። ይህን ማስተካከል ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዛሬውኑ ይጀመር።

በጀቱ ተፈርሞ ስሙ ከወጣ በኋላ ያለው ወጥመድ ከሁሉ የከፋ ነው። የአካባቢ ተፅዕኖ ምርመራው አልቆ ፈቃድ እስኪሰጥ ድረስ ቦታ መግዛት፣ ማፍረስ ወይም የግንባታ ውል መፈረም አይፈቀድም። ክልከላው ማኅበሩ ከራሱ ኪስ የሚያወጣውንም ገንዘብ ይጨምራል። «ሻጩ ሌላ ሰው መጣብኝ አለና ቀብድ ሰጠን» የሚል ቦርድ በዚያ አንድ ፊርማ ሙሉውን ድጋፍ ሊያጣ ይችላል። ቀድሞ የወጣ ወጪም አይተካም። ለአምልኮ የሚውል ክፍል በዚህ ገንዘብ አይሠራም፤ ስለዚህ ቤተ ክርስቲያንና ማዕከል በአንድ ንድፍ ውስጥ ያደባለቀ ማኅበር ከመጀመሪያው ይለያቸው። የሠራተኛ ደመወዝና የመብራት ክፍያም ከዚህ እንዳይጠበቅ።

ክፍያው በአብዛኛው ሥራው ከተሠራና ደረሰኝ ከቀረበ በኋላ ነው። ተቋራጩ ግን በየወሩ ይከፈለኝ ይላል። ያንን ክፍተት የሚሸፍን የባንክ ብድር መስመር ወይም ተቀማጭ ከሌለ ግንባታው መሠረቱ ላይ ይቆማል። ኮሚቴው ከተጠየቀው አሳንሶ ሊሰጥም ስለሚችል ቀሪው ከየት እንደሚመጣ በማመልከቻው ላይ ይታይ። በአንድ የሒሳብ ዓመት 1 ሚሊዮን ዶላር ወይም ከዚያ በላይ የፌዴራል ገንዘብ ወጪ ያደረገ ድርጅት ለዚህ ተብሎ የተደነገገውን ልዩ ኦዲት ማስደረግ አለበት፤ የኦዲተሩም ክፍያ በዕቅዱ ይያዝ።

አንድ ነገር ለእናንተም እናንሳ። የምክር ቤቱ መመሪያ የማኅበረሰብ ድጋፍ ማስረጃ ብሎ ከሚቀበላቸው ውስጥ የተመረጡ የአካባቢ መሪዎች ደብዳቤ፣ የከተማ ምክር ቤት ውሳኔ፣ የጋዜጣ ጽሑፍና ርዕሰ አንቀጽ ይገኛሉ። በጥር ወር ስለ አንድ ማዕከል አስፈላጊነት የምታወጡት ርዕሰ አንቀጽ፣ ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር፣ ከማመልከቻው ጋር ሊያያዝ ይችላል። የቼኩን ፎቶ ስታወጡም ገንዘቡ የተጠየቀ፣ በኮሚቴ ያለፈ ወይስ በሕግ የጸደቀ እንደሆነ፣ አመልካቹም ማኅበሩ ይሁን ካውንቲው ከፎቶው ሥር ብትጽፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢዎቻችሁ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ