የሚዲ ፋይል ድምፅ የለውም፤ ኪቦርዱ ሳይበላሽ ቅዱት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የቆዩ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር ስለ መገልበጥ በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። ይሁን እንጂ ከካሴቱ ባልተናነሰ ለመጥፋት የተቃረበ፣ «ይህማ ቀድሞውንም ዲጂታል ነው» እየተባለ ግን የተዘነጋ ሌላ ክምችት አለ። እሱም በየሠርግ ቤቱ ስንጫወት የኖርን ኪቦርዲስቶች በፍሎፒ (በድሮው የኮምፒውተር ዲስክ) ያስቀመጥነው የሚዲ ፋይል ነው።

ሚዲ በተለያዩ ፋብሪካዎች የተሠሩ የሙዚቃ መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዲግባቡ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ ስምምነት ሲሆን፣ በፋይሉ ውስጥ አንዳችም ድምፅ የለም። የሰፈረው የትኛው ኖታ መቼ እንደተነካ፣ በምን ያህል ጉልበት እንደተመታ፣ እንዴት እንደተጠማዘዘ፣ መቼ እንደተለቀቀና በስንት ቁጥር መሣሪያ እንደሚሰማ ብቻ ነው። የአራት ደቂቃ ዘፈን በጥቂት አሥር ኪሎ ባይት የሚያልቀው፣ 1.44 ሜጋ ባይት በምትይዝ አንዲት ፍሎፒም የአንድ ምሽት ሠርግ ዘፈን የሚታጨቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ያው ዘፈን በሲዲ ጥራት ወደ ዋቭ (ድምፁን ሳይጨመቅ ወደሚይዝ ፋይል) ሲቀዳ፣ ድምፁ በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ እየተለካ በግራና በቀኝ ስለሚጻፍ፣ 42 ሜጋ ባይት ያህል ይሆናል።

ፋይሎቼን መጀመሪያ የወሰድኩት ወደ አንድ ሱቅ ነበር። ወጣቱ የፋይሉን ስም ጭራ ወደ ኤም ፒ ስሪ ቀይሮ በፍላሽ ሰጠኝ፤ የቴፔ ማጫወቻ ግን አንዱንም ሊከፍተው አልቻለም። ቤት ገብቼ ዋናውን ፋይል በኮምፒውተሬ ስከፍተው ደግሞ የባሰ ነገር ገጠመኝ፤ ማሲንቆዬ ፒያኖ ሆኖ አረፈው። ማሲንቆውን ለማስለቀስ በኪቦርዱ መንኮራኩር ያጠማዘዝኳቸው ኖታዎች በሙሉ ስላሉ፣ ፒያኖው እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል። ባለቤቴ ከጓዳ «ምን ነክቶት ነው?» እስክትል ድረስ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ግን ደነገጥሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው የጋራ ዝርዝር ውስጥ 128 ድምፆች ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። የጃፓኖቹ ኮቶና ሻሚሰን፣ ባግፓይፕም ሳይቀር ቦታ ሲያገኙ፣ ክራር፣ ማሲንቆና በገና የሉበትም። ስለዚህ እኛ የክራርና የማሲንቆ ድምፅ ናሙና (አጭር ቅጂ) እየፈለግን በኪቦርዳችን ሜሞሪ ላይ እንጭን ነበር። ለአንቺሆዬም የአንዳንዱን ኖታ አቃኘት ከፒያኖው ከፍ ወይም ዝቅ አድርገን እዚያው እናስቀምጥ ነበር። ፋይሉ የሚያውቀው የድምፁን ቁጥር ብቻ ስለሆነ ሌላ መሣሪያ በዚያ ቁጥር የራሱን ድምፅ ያሰማል፤ ድምፁም ቅኝቱም የቀሩት ኪቦርዱ ውስጥ ነው።

ሳውንድ ፎንት የሚባለውን የድምፅ ጥቅል ጭነው ሚዲን በቀጥታ ወደ ዋቭ የሚለውጡ ነፃ ፕሮግራሞች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ በጊታር፣ በቤዝና በድራም ብቻ ለተቀናበረ ሥራ በቂ ናቸው። ፋይሉን መጀመሪያ ወደ ኖታ ጽሑፍ የሚቀይሩትን ግን አልመክርም፤ ምቱን በመስመር ስለሚያሰልፉት እስክስታው ወታደራዊ ሰልፍ ይሆናል። የራሱን ድምፅ ለጫነ ሰው የሚያዋጣው ኪቦርዱን ራሱን ማስጫወትና መቅዳት ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ከኪቦርዱ የግራና የቀኝ መውጫ ሁለት ገመድ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል። የብዙ ላፕቶፖች ቀዳዳ የማይክሮፎን ብቻ ስለሆነ ግራና ቀኙን አንድ ያደርገዋል፣ የሽሽታ ድምፅም ያስገባል፤ ስለዚህ በዩኤስቢ የሚሰካ አነስተኛ ሳውንድ ካርድ ያስፈልጋል። መቅጃው ኦዳሲቲ ነፃ ነው። ከመቅዳት በፊት የዘፈኑን በጣም የሚጮኸውን ቦታ አስጫውቶ መለኪያውን ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ ማቆም ይበጃል፤ ዜሮን አልፎ የተቆረጠ ድምፅ በኋላ አይጠገንም። የኮምፒውተሩን የመልእክት ደወል ማጥፋትም እንዳይረሳ፤ በአንዱ የሙሽራ ዘፈኔ መሐል «ቲንግ» የሚል አለ። መብራት ሲሄድ ኪቦርዱ ቢጠፋም የተቀዳው እንዳይጠፋ፣ ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ ይመረጣል። ቀረጻው የዘፈኑን ያህል ጊዜ ስለሚወስድ፣ 60 ዘፈን አራት ሰዓት ይፈጃል። መጀመሪያ በዋቭ ይቀመጥ፤ ለስልክ የሚሆነው ኤም ፒ ስሪ ከዚያ ይወጣል። የሚዲው ፋይልም አይጣል፤ አንድ ቀን የዘፈኑን ቁልፍ (የድምፁን ከፍታ) ዝቅ አድርጎ መዝፈን የሚፈልግ ይኖራል።

ኪቦርዳቸውን ሸጠው ዲስኩን ብቻ ያስቀሩ ባልደረቦቼም ተስፋ እንዳይቆርጡ እለምናለሁ፤ ብዙዎቻችን ናሙናዎቹን ለየብቻ በዲስክ ስላስቀመጥን፣ ተመሳሳይ ሞዴል ያለው ወዳጅ ቤት ሄዶ መጫን ይቻላል። እኔ ከስድስት ዲስኮቼ አምስቱን ቀድቻለሁ። ስድስተኛውን የኪቦርዱ ማንበቢያ ሦስት ጊዜ አንገራግሮ መልሶታል፤ በላዩ ላይ በእጄ የጻፍኩት «ባቲ፣ አዲስ ቅንብር» የሚል ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቀድሞ የሠርግ ኪቦርዲስት
ከአዲስ አበባ