ሊ ማርቪን የተፈጠረ ጀብዱ አያሻውም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰሞኑን በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ስለ አሜሪካዊው የፊልምና የቴሌቪዥን ተዋናይ ሊ ማርቪን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ዛሬ ብዙ ሰው የረሳውን ተዋናይ በማስታወሳችሁ ደስ ብሎኛል። ይሁንና ጽሑፉ ኢንተርኔት ላይ ለዓመታት ሲዞር የኖረ ተረት እንደ እውነት አትሟል። ማርቪን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በጃፓኗ ደሴት በኢዎ ጂማ ውጊያ በፈጸመው ጀብዱ የባሕር ኃይል መስቀል የተባለውን የጀግንነት ሜዳሊያ ተሸልሟል ይላል። ከጎኑ ተሰልፎ ከእርሱ የበለጠ ጀግንነት ያሳየውም በኋላ በልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት የታወቀው ቦብ ኪሻን ነው ሲል ይጨምራል።

ይህ ሁሉ አልሆነም። የአሜሪካ ጦር ኢዎ ጂማ ላይ ያረፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1945 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ማርቪን በዚያች ዕለት 21 ዓመት ሞላው፤ ቀኑን ያሳለፈው ግን ከስምንት ወር በፊት ሳይፓን ደሴት ላይ የደረሰበትን ቁስል እየታከመ ነው። ኪሻን ማሪን የሚባለውን የአሜሪካ የባሕር እግረኛ ጦር የተቀላቀለው በዚያው በ1945 ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል በመሆኑ ውጊያ ላይ አልደረሰም። ማርቪን ያገኘውም ፐርፕል ሃርት የሚባለውን፣ በውጊያ ለቆሰሉ ወታደሮች የሚሰጠውን ሜዳሊያ ነው።

ስህተቱ የቀንና የቦታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር አላነሳም ነበር። ያስቆጨኝ ተረቱ የሰውየውን ሥራ የምናይበትን ዓይን ማበላሸቱ ነው። ጽሑፋችሁ ማርቪንን ፊልም ላይ ቆፍጣና ያደረገው የጦር ሜዳ ጀግንነቱ ነው ብሎ ይደመድማል። እኔ ደግሞ ፊልሞቹን ደጋግሜ ያየሁ ሰው ነኝና ተቃራኒውን ነው የማምነው። ይህ ሰው ጥይት ሥጋ ላይ ምን እንደሚሠራ ስለሚያውቅ ጭካኔን የሚያምር አስመስሎ መጫወት አልሆነለትም።

የተወለደው ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ ነው። አባቱ በማስታወቂያ ሥራ፣ እናቱ ስለ ፋሽን በመጻፍ የሚተዳደሩ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ልጁ ግን ከአንዱ ትምህርት ቤት ሲባረር ወደ ሌላው እየገባ አደገና በ1942፣ በ18 ዓመቱ፣ ማሪን ጦር ተቀጠረ። ጁን 18 ቀን 1944 ክፍሉ ሳይፓን ላይ ወደ ታፖቻው ተራራ ሲያጠቃ ከወገቡ በታች በመትረየስ ተመታ፤ ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ ነርቭም ተቆረጠ። በዚያ ውጊያ አብዛኞቹ ጓዶቹ ወይ ሞተዋል ወይ ቆስለዋል። እርሱ ከአንድ ዓመት በላይ በባሕር ኃይል ሆስፒታሎች ከቆየ በኋላ ተሰናበተ። ዛሬ አርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር፣ ከቦክሰኛው ጆ ሉዊስ ጎን፣ የተተከለለት ድንጋይ ስሙን፣ የተራ ወታደርነት ማዕረጉንና የተሰለፈበትን ጦርነት ይናገራል እንጂ ስለ ፊልም አንድ ቃል የለበትም። እንዲህ ላለ ሰው ሌላ ሜዳሊያ መፍጠር ምን ይጨምርለታል?

ወደ ትወና የገባው በአጋጣሚ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በኒው ዮርክ ግዛት የቧንቧ ሠራተኛ ረዳት ሆኖ አንድ አነስተኛ ቲያትር ቤት ውስጥ ሲሠራ፣ አንድ ተዋናይ ታመመና በልምምድ ላይ ቦታውን እንዲሸፍን ተጠየቀ። ቀጥሎም መንግሥት ለተመላሽ ወታደሮች በሚከፍለው ገንዘብ ትወና ተማረ፤ በ1951 ብሮድዌይ በሚባለው የኒው ዮርክ ታዋቂ የቲያትር መድረክ ላይ ቆመ፣ በዚያው ዓመትም በፊልም ታየ።

ቁመቱ ረጅም፣ ድምፁ ጎርናና፣ ፊቱ ኮስታራ ስለነበር ለአሥር ዓመት ያህል በብዛት የተሰጠው የወንበዴ ሚና ነው። በ1953 በዳይሬክተር ፍሪትዝ ላንግ ፊልም «ዘ ቢግ ሂት» ውስጥ በሚወዳት ሴት ፊት ላይ የፈላ ቡና ይደፋል። ሴትዮዋን የተጫወተችው ግሎሪያ ግራሃም ናት። ካሜራው ቡናው ሲያርፍ አያሳየንም፤ ጩኸቷን ብቻ እንሰማለን። ትዕይንቱን የማይረሳ ያደረገው ግን የማርቪን ፊት ነው። የሚያስፈራ ለመምሰል አይጥርም፤ ንዴቱን መቆጣጠር ያቃተው ደካማ ሰው ሆኖ ነው የሚታየው። እንዲህ ያለውን ሰው በሕይወታችን የምናውቀው ስለሆነ ነው የሚዘገንነን። የዛሬዎቹ የድብድብ ፊልሞች ክፉውን ሰው እንድናደንቀው ያስውቡታል፤ ማርቪን ግን እንድንሸሸው አድርጎ ተጫወተው።

ከ1957 እስከ 1960 በኤንቢሲ ቴሌቪዥን «ኤም ስኳድ» በተባለው ተከታታይ ድራማ የቺካጎ ፖሊስ መኮንን ሆኖ በ117 ክፍሎች ሠራ። ለብዙ ተመልካች ስሙ የታወቀው ከዚህ በኋላ ነው። በ1966 ደግሞ «ካት ባሉ» በተባለው ፊልም ላይ ሰካራሙን ተኳሽም ከብረት የተሠራ አፍንጫ የሚያደርገውን ነፍሰ ገዳይም ራሱ በመጫወቱ የምርጥ ተዋናይ ኦስካር ወሰደ። አብረውት የታጩት ሎረንስ ኦሊቪየር፣ ሪቻርድ በርተን፣ ሮድ ስታይገርና ኦስካር ቨርነር ነበሩ። ሽልማቱን ሲቀበልም ግማሹ የአንድ ፈረስ ድርሻ እንደሆነ ተናገረ። «ዘ ደርቲ ደዝን» የተባለውን የ1967 ፊልሙን ጽሑፋችሁ በሰፊው ስላነሳው አልመለስበትም።

ያላነሳችሁት፣ ለእኔ ግን ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው፣ በዚያው ዓመት ከዳይሬክተር ጆን ቡርማን ጋር የሠራው «ፖይንት ብላንክ» ነው። ዎከር የሚባለው ገጸ ባሕርይ ከድቶት ገንዘቡን የወሰደበትን ጓደኛውን ያሳድዳል። ወደ ሚስቱ ቤት በር ሰብሮ ይገባና ባዶ አልጋ ላይ ጥይቱን ይጨርሳል። ከዚያ ሶፋ ላይ ቁጭ ይላል። ሚስቱ ታወራለች፤ እርሱ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቃት ትመልስለታለች። ቡርማን እንደተረከው፣ ማርቪን በልምምድ ላይ የተጻፈለትን ጥያቄ ሳይናገር ሲቀር ተዋናይቷ ሁለቱንም ወገን ስለተጫወተችው ነው ትዕይንቱ እንዲህ የሆነው። ቃሉን ሁሉ ለባልደረባው ትቶ ዝም ማለት ድፍረት ይጠይቃል፤ ዋና ተዋናይ ለአንዲት ተጨማሪ ዓረፍተ ነገር በሚሟገትበት ሙያ ደግሞ ይበልጥ። ሌላም አስተውሉ፤ ሬሳ በበዛበት በዚህ ፊልም ዎከር በገዛ ሽጉጡ የገደለው ሰው የለም። በቀሉን ይዞ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ እጁ ላይ ግን ምንም አይቀርለትም።

በቀጣዩ ዓመት ከቡርማን ጋር «ሄል ኢን ዘ ፓስፊክ»ን ሊሠራ ሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ወዳሉት የፓላው ደሴቶች ሄደ። ተዋንያኑ ሁለት ብቻ ናቸው፤ እርሱና ጃፓናዊው ቶሺሮ ሚፉኔ። ሚፉኔም በዚያው ጦርነት ለአገሩ ጦር ያገለገለ ነው። በእውነተኛው ጦርነት በጠላትነት ተሰልፈው የነበሩ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳይሰማ፣ አንድ ደሴት ላይ ውሃና ምግብ ሲሻሙ ማየት ከብዙ የጦርነት ንግግር ይበልጣል።

ሰውየውን መልአክ ላደርገው አልፈልግም። መጠጥ ያበዛ ነበር፤ ሥራውንም ቤቱንም ጎድቶበታል። ሳይጋቡ አብራው የኖረችው ሚሼል ትሪዮላ የከሰሰችው ክስ በ1976 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩ ሰዎች የተዋዋሉትን በፍርድ ቤት መጠየቅ እንደሚችሉ ተወሰነ። በ1979 የተፈረደላት 104,000 ዶላር ግን በይግባኝ ተሽሯል። ጽሑፋችሁ ይህን ጠቅሶ ቢሆን ኖሮ ተዋናዩ ከክብሩ ምንም አይቀነስበትም ነበር።

አንባቢዎቻችሁ ከፊልሞቹ አንድ ብቻ ለማየት ጊዜ ካላቸው፣ በ1980 ሳሙኤል ፉለር የሠራውን «ዘ ቢግ ሬድ ዋን» እንዲያዩ እመክራለሁ። ፉለር ራሱ የተዋጋበትን የአንደኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ታሪክ ነው የሚተርከው። ማርቪን ስም የሌለው ሳጅን ሆኖ ይጫወታል። መጨረሻ አካባቢ ከናዚ ማጎሪያ ካምፕ ነፃ የወጣ አንድ ትንሽ ልጅ ትከሻው ላይ አድርጎ ሲሄድ ልጁ እዚያው ይሞታል፤ ሳጅኑም ሳያወርደው መሄዱን ይቀጥላል። ማርቪን እዚያ ትዕይንት ላይ አያለቅስም፣ አይጮህም። ማንም የትወና አስተማሪ ያንን ፊት ሊያስተምረው ይችል ነበር ብዬ አላምንም።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም አጭር ማረሚያ እንድታወጡ እጠይቃለሁ። ሳይፓን፣ ጁን 18 ቀን 1944፣ ፐርፕል ሃርት፤ ይህን ብትጽፉ ይበቃል። የቦብ ኪሻንን ስምም ከታሪኩ አውጡት፤ እርሱ ልጆችን ለ30 ዓመት ያህል በቴሌቪዥን በማጫወትና በማስተማር የተከበረ ሰው ነው፣ ያልተዋጋው ውጊያ አያስፈልገውም።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ